እሪታ የተሻረበት ሰሞን

በደሌን አስቀድሜ ልናገር፤ ዝርዝሩ ኋላ ይመጣል። ባሌ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ እሪ አልሁ፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማኝ፤ ከቦታው የተነሳ ግን አልነበረም። በስተኋላ የመጡትም ውሃ ተሸክመው መጡ። ባሌ ከወጣ በኋላ ደግሞ "ያልነደደ እሳት ጠርተሻል" ተብዬ አንዲት የወለደች በግ ተቀጣሁ። ይህ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ። የሰማ ሁሉ ይስቃል። የልጅ ልጆቼም ይስቃሉ፤ እኔም አንዳንድ ቀን እስቃለሁ። ቢሆንም በደል የሚያስቅ ስለሆነ በደልነቱ አይቀርም።

ያን ጊዜ ገና ልጅ እግር ነበርሁ። ጣሊያን ወጥቶ፣ ጃንሆይ ተመልሰው፣ አገሩ ትንፋሹን ሲሰበስብ ነው። የተወለድሁት ደምቢያ ሜዳው ላይ፣ ከኮላ ድባ ብዙም ሳይርቅ ነው። የተዳርሁት ግን ወደ ደጋው፣ ከኮሶዬ ማዶ አስታ አፋፍ ወደምትባል ትንሽ መንደር ነው። ሜዳ ለለመደ ሰው አስታ አፋፍ ጉድ ናት። ቤቱ ሁሉ ገደል ጫፍ ላይ ስለተቀመጠ ዶሮ እንኳ ስትጭር ወደ ኋላዋ ታያለች። ጎረቤትና ጎረቤት በሸለቆ ስለሚለያይ ሰው የሚነጋገረው በጩኸት ነው። "ጨው አለሽ?" ለማለት እንኳ ደረት ያስፈልጋል።

ትምህርቴ ጥቂት ነው። አጎቴ ቄስ ስለነበሩ ፊደል አስቆጥረውኛል። ንባብ ከጀመርሁ በኋላ ግን "ለሴት ልጅ ይበቃታል" ተባለ። ያንን "ይበቃታል" እስከ ዛሬ አልዋጥሁትም። እናቴ "ይህቺ ልጅ ንፍሮ ሲታደል በዓይኗ ትሰፍራለች" ትል ነበር። እውነቷን ነው። ለሰው ሲያንስ ያንገበግበኛል፤ ለእኔ ሲበዛም ቅር ይለኛል።

ባሌ አለባቸው ይባላል። ደግ ሰው ነው። አንድ ጠባይ ብቻ ነበረው፤ ሕግ ይወዳል። "ደንብ ነው" ከተባለ ከተቀመጠበት ይነሳል።

ነገሩ የደረሰው መኸር ከገባ በኋላ ነው። የቤታችን ክዳን አርጅቶ ስለነበር ጓሳ የሚባለውን ሣር ልናጭድ ወጣን። ለክዳን የሚሆነው ረጅሙ ጓሳ ያለው ከብት በማይደርስበት፣ በገደሉ ጉያ ነው። አለባቸው የጠፍር መጫኛውን አንድ ጫፍ አሮጌ የአስታ ዛፍ ጉቶ ላይ አሰረ፤ ሌላውን ጫፍ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ወረደ። እኔ ከላይ ሆኜ እየጠቀለለ የሚወረውርልኝን እከምራለሁ። ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። ጉቶው አጠገቤ ነበር። ምንም ድምፅ ሳያሰማ፣ እንደ በሰበሰ ጥርስ ተነቀለና መጫኛውን ይዞ አለፈኝ። የወገቡ ቋጠሮ ላላ ብሎ ስለነበር ተፈታ እንጂ ባሌም አብሮት ይሄድ ነበር።

"አለባቸው!" አልሁ።

"አለሁ" አለ ከታች።

"ደህና ነህ?"

"እኔ ደህና ነኝ። ቁርጭምጭሚቴ ግን ከእኔ ጋር ያለ አይመስለኝም።"

በሆዴ ተኝቼ ወደ ታች አየሁ። መደብ በምታክል ድንጋይ ላይ ተለጥፎ፣ በሁለት እጁ የጓሳ ጉንጉን ጨብጧል። ከጉንጉኑ ሥር አፈሩ ፍርፍር እያለ ይረግፋል። መቀነቴን ፈትቼ ለቀቅሁለት፤ አልደረሰም። የባሰው ደግሞ ከቆላው ወደ ላይ የሚወጣው ጉም ነው። ጉም ሲደርስ ድንጋዩ ይረጥባል፤ ብርዱ እጅ ያደነዝዛል። የደነዘዘ እጅ ይለቃል።

"ያዝ፣ እሪ ልበል!" አልሁት።

"ማንጠግቦሽ፣ እሪ ባትይ..." አለ።

"ምን?"

"ምንም።"

ከድንጋጤው ነው ብዬ አለፍሁት።

አገሩን ለማያውቅ ልንገር። እኛ ዘንድ እሪታ ልመና አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። እሪ ሲባል የሰማ ሰው እጁ ላይ ያለውን ይዞ ይሮጣል። የሚያርስ ጅራፉን፣ እንጨት የሚፈልጥ ምሳሩን፣ የሚጭን መጫኛውን ይዞ ይመጣል። ሰምቶ የቀረ ሰው ለቅሶው ላይ ማን ይደርስለታል? ስለዚህ በሳምባዬ ሙሉ፣ ወደ ሦስቱም ሸንተረር እየዞርሁ እሪ አልሁ። የራሴን ድምፅ ገደሉ መልሶ ሰጠኝ።

ሰዎች ወጡ። በየአጥሩ ጫፍ ብቅ ብቅ ሲሉ አየኋቸው። ከዚያ ቆሙ። የሚያይ እንጂ የሚሮጥ የለም። ከሁሉ የሚቀርበው አያ ተፈራ ነበር፤ ከትንሽ ሸለቆ ማዶ አውድማው ላይ ገብስ ያበራያል። ረጅም መጫኛ ጭዱ ክምር ላይ ተጠምጥሞ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል።

"አያ ተፈራ! ድረስልኝ!"

"እሰማሻለሁ!"

"ከሰማኸኝ ምነው ትቆማለህ?"

"ዓይነቱን ንገሪኝ! እሳት ነው?"

"አይደለም!"

"ሌባ ነው?"

"ምን ሌባ አመጣብኝ!"

"አውሬ ነው?"

"አለባቸው ነው! ገደል ገባ!"

መንሹን ተደግፎ አሰበ። ከማዶ ሆኜ ሲያስብ አየሁት። "አለባቸው በየትኛው ይገባል?" አለኝ።

"የሚገባበትን አላውቅም፤ በመጫኛ ይወጣል!"

"እህቴ፣ እሪታ እኮ ተሽሯል!"

የሰማሁትን ጆሮዬ አላመነም። "ማን ሻረው?"

"እኛ! ወንዶቹ! ደጀ ሰላም ተሰብስበን! ባልሽም ነበረ!"

ወደ ገደሉ ዞርሁ። "አለባቸው! እሪታ ተሽሯል እንዴ?"

"ልነግርሽ ነበር" አለ ከታች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል ጭላዳ ዝንጀሮ ገብስ ውስጥ ገባ ብላ አንዲት ሴት እሪ አለች። መንደሩ ሁሉ ወደዚያ ሲጎርፍ ሌቦች በዚህ በኩል ገብተው ከብት ነዱ። ያን ጊዜ የአጥቢያ ዳኛችን አያ ፈንታ ነበር። ጎንደር ከተማ ጦር ሰፈር ዘበኛ ሆኖ ኖሯል፤ እዚያ ለምግብ ሌላ፣ ለሰልፍ ሌላ፣ ለመኝታ ሌላ ጡሩምባ እንደሚነፋ አይቷል። "በሠለጠነ አገር ሰው ዝም ብሎ አይጮህም፤ በዓይነቱ ይጮሃል" አለ። ወንዶቹን ሰብስቦ ደንብ አወጣ። ለእሳት ቆርቆሮ ይመታል፤ የሰማ ውሃና እርጥብ ቅጠል ይዞ ይመጣል። ለሌባ ቀንድ ይነፋል፤ የሰማ ጦርና ጠመንጃ ይዞ ይመጣል። ለአውሬ ጅራፍ ይጮሃል፤ የሰማ ውሻና ወንጭፍ ይዞ ይመጣል። ከእንግዲህ እሪ ያለ በግ ይቀጣል። እሪታ ሰምቶ ሥራውን ጥሎ የሮጠ በግ ይቀጣል። በሐሰት ያስጠራም በግ ይቀጣል። ወንዶቹ "ይሁን" ብለው ወደየቤታቸው ገቡ። አለባቸው ያን ቀን ሲገባ "ምን ተባለ?" ብዬው "ስለ ጩኸት ተነጋገርን" ነበር ያለኝ።

"አያ ተፈራ፣ ደንቡን ተወውና መጫኛውን ወርውርልኝ!"

"ባለፈው እሪታ ሰምቼ ሮጬ በግ ተቀጥቻለሁ! ሁለተኛ በግ የለኝም! ያለችኝ ፍየል ናት፤ ደንቡ ደግሞ በግ ነው የሚለው!" ድምፁ ያለቅሳል። "ዳኛው ጋ ሂጂ! እሱ ይሁን ካለ ክንፍ አውጥቼ እመጣለሁ!"

ባሌን ለጓሳው አደራ ሰጥቼ ሮጥሁ። የዳኛው ቤት ከእኛ ጉብታ ጀርባ ነው። አያ ፈንታ ደጁ ላይ ተቀምጦ ለሌባ የሚነፋውን ቀንድ በቅቤ እየወለወለ አገኘሁት። ከደጁ የጽድ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ጣሊያን ጥሎት የሄደ የነዳጅ ቆርቆሮ ተንጠልጥሏል።

"አያ ፈንታ፣ አለባቸው ገደል ገባ! ሰዎቹን ልቀቅልኝ!"

ሰውዬው ክፉ አይደለም። ቀንዱን ጥሎ ተነሳና ሮጠ። ከግቢው በር ሲደርስ ግን እንደታሰረ በቅሎ ቀጥ አለ።

"ቆይ። በየትኛው ላስጠራ?"

"በፈለግኸው!"

"በፈለግሁት ካስጠራሁማ ምኑን ዳኛ ሆንሁ?" ጢሙን ያዘ። "እሳት አይደለም። ሌባ... ገደል ሰው ይወስዳል፤ ግን ሰርቆ አይደለም። አውሬ እንዳንለው ገደል ነፍስ የለውም።"

"የገደሉን ነፍስ ተውና የባሌን ነፍስ አድን!"

"አራተኛ ዓይነት ያስፈልገናል" አለ፤ ፊቱ ፈካ። "ለገደል ለብቻው። ነጋሪት ብናደርገውስ? እሑድ ሽማግሌዎቹን ልሰብስብና..."

"እሑድ?!"

"ደንብ በጥድፊያ አይወጣም፣ ማንጠግቦሽ። እሪታው የተበላሸው ስለሚያስቸኩል ነው።"

ይህንን ሲል ሚስቱ የሺ ከቤት ወጣች። የሺ ከአዲ አርቃይ የተዳረች፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። አንድ ቃል አልተናገረችም። የሙቀጫዋን ዘነዘና አምጥታ እጄ ላይ አኖረች፤ ቆርቆሮውን በዓይኗ አሳየችኝና እንስራዋን ልታዝል ወደ ጓዳ ተመለሰች።

መታሁት። በጊዮርጊስ፣ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ ቆርቆሮው እኔን ራሴን አስደነገጠኝ። ማዶው ሁሉ እንደ ተጣሰ ግድብ ለቀቀ። ለካስ ሰው ሁሉ መሮጥ አምሮት፣ ፈቃድ አጥቶ ነው የቆመው! አያ ፈንታ "እሳት የለም! እሳት የለም!" እያለ እጁን ያወናጭፋል፤ ከቆርቆሮው ድምፅ የተነሳ ማንም አይሰማውም። ያዩት ሰዎች ደግሞ ዳኛው እሳቱ ወዴት እንደሆነ የሚያመለክት መስሏቸው እጁ ወደተወረወረበት ሁሉ ይሮጣሉ። ዘነዘናውን ጣልሁና "ተከተሉኝ!" ብዬ ወደ ገደሉ ፊቴን አዞርሁ።

አፋፉ ላይ ስንደርስ የመንደሩ ሴቶች እንስራ አዝለው፣ ወንዶቹ እርጥብ የአስታ ቅርንጫፍ ተሸክመው ቆሙ። አያ ተፈራ ከራሱ የሚበልጥ ቅጠል ይዞ ከሁሉ ቀድሟል።

"የታል?" አለኝ እያለከለከ።

"እዚህ ታች!"

"እሳቱ ታች ነው?"

ከታች የባሌ ድምፅ መጣ። "የማን ቤት ነው የነደደው?"

"የማንም አልነደደም!" አልሁት።

"ቆርቆሮ ሰምቻለሁ! እኔን ተዉኝና ወደ እሳቱ ሂዱ! እሳት ይቀድማል፤ ደንብ ነው!"

"አንተ ሰውዬ፣ ዝም በል! ዛሬ እሳቱ አንተ ነህ!"

"መጫኛ የያዘ?" ብዬ ዞርሁ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ መጫኛ የያዘ የለም። አያ ተፈራ ቅጠሉ ውስጥ ፊቱን ደብቆ "ለእሳት መጫኛ አይታዘዝም" አለ። ያን ጊዜ ገባኝ። እሪታ ምን እንደሆነ ስለማይናገር ሁሉም ነገር ይመጣል። ቆርቆሮ ዓይነቱን ስለሚያውቅ ውሃ ብቻ ይመጣል።

አንድ ሰው መጫኛ ሊያመጣ ሮጠ፤ ግን ሸለቆውን ወርዶ መውጣት ነበረበት። ጉሙ የባሌን እግር ሸፍኖ ወደ ጉልበቱ ደርሷል። "ማንጠግቦሽ" አለ፤ ድምፁ አሁን ሌላ ነው፤ ደንብ የለበትም። "ጣቶቼ አይሰሙኝም።"

ቀጥሎ የሰማሁት የየሺን ድምፅ ነው። "ሴቶች፣ ገመድ!"

እንስራ በጀርባ የሚታዘለው በገመድ አይደል? እያንዳንዷ ሴት ጀርባዋ ላይ ገመድ አዝላ ነው የመጣችው፤ ውሃውን ስናይ ገመዱን አላየነውም። እንስራው ሁሉ ከጀርባ ወረደ፤ ገመዱ ተፈታ፤ እጅ ሁሉ ቋጠሮ ሆነ። በጥድፊያው የየሺ እንስራ ተንከባለለና ከአፋፉ ወርዶ ጉሙ ውስጥ ገባ።

"ምንድን ነው ያለፈኝ?" አለ ባሌ።

"የየሺ እንስራ ነው!"

"ሞልቶ ነበር?"

"ሞልቶ ነበር!"

"አይ፣ ጠምቶኝ ነበር እኮ።"

ሰው ሳቀ። እኔ እያለቀስሁ ሳቅሁ። ገመዱን ለቀቅንለት። አይታየንም፤ ጉም ውጦታል። ሲነካው ብቻ ገመዱ እጃችን ላይ ተንቀጠቀጠ። በጥርሱና በክንዱ እንደምንም ብብቱ ሥር አሰረው። ወንዶቹ ቅጠላቸውን ጣሉና ጎተቱ፤ አያ ተፈራ ከፊት ሆኖ እንደ በሬ ያቃስታል። ቋጠሮ በመጣ ቁጥር "የማን ቋጠሮ ነው?" ይባላል፤ "የእኔ ነው!" ትላለች አንዷ፤ "ይጽና!" ይላሉ። እንዲህ እያለ የባሌ ራስ፣ ቀጥሎ ደረቱ ወጣ። ወጥቶ ሣሩ ላይ ሲዘረር የጨበጠውን ጓሳ አልለቀቀም ነበር፤ ከነአፈሩ ይዞት ወጥቷል።

አያ ፈንታ እያለከለከ ደረሰ። ባሌን አቅፎ አለቀሰ። እውነቴን ነው፣ እንባው በጢሙ ወረደ። ከዚያ እንባውን ጠረገ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ሳለ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን፣ እሳቱ የት አለ?"

ወደ እኔ ዞረ።

"እሪ ያልሽውን ምሬሻለሁ፤ ደንቡን አልሰማሽም። ቆርቆሮውን ግን እሳት እንደሌለ እያወቅሽ መታሽ። በሐሰት ያስጠራ በግ ይቀጣል።"

"ባሌ ሊሞት ነበር!"

"አልሞተም። በዚህ ደስ ይለኛል። በጉ ግን በግ ነው።"

ባሌ ከተኛበት ራሱን ቀና አደረገ። "ልክ ነው" አለ። "ደንብ ነው።"

"መልሼ ልወርውርህ?" አልሁት።

በማግስቱ የወለደችው በጌ ተወሰደች። ለቅጣት የመጣ በግ ለሸንጎው ይታረዳል፤ ልማዱ ነው። ግልገሏ ሌሊቱን ሲጮህ አደረ። እኔም አልተኛሁም። ከልቤ የማይወጣው የበጓ ነገር ብቻ አልነበረም። "ሌላ ቀን ደግሞ ከዓይነቱ ውጭ የሆነ ነገር ይመጣል፤ ያን ጊዜ የማን ባል፣ የማን ልጅ ነው?" እያልሁ ነው ያነጋሁት።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ወንዶቹ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀመጡ። ሄድሁ። ዞር ስል የሺ ተከትላኛለች፤ ከየሺ ኋላ ሌሎቹ ሴቶች አሉ።

"ሸንጎ ነው፤ የሴት ቦታ አይደለም" አለ አንዱ።

"የጩኸት ሕግ ስታወጡ ጯኺዎቹን አልጠራችሁም" አልሁ። "እናንተ ሜዳ ትውላላችሁ። እሳት ሲነሳ፣ ልጅ ወንዝ ሲገባ፣ ምጥ ሲያፋፍም ቤት ያለችው ማን ናት? እሪ የምንለው እኛ ነን፤ እሪታውን የሻራችሁት እናንተ ናችሁ።"

አያ ፈንታ አላመናጨቀኝም። "ማንጠግቦሽ፣ ለዝንጀሮ እሪ ተብሎ ከብታችን የተነዳ ጊዜ እናንተስ አልተጎዳችሁም?"

"ተጎድተናል። ቆርቆሮህ ሸጋ ነው፤ ሲመታ እንዴት እንደመጡ አይቻለሁ። ቀንድህም ይኑር፣ ጅራፍህም ይኑር። ጨምር እንጂ አትቀንስ ነው የምልህ።"

"አሮጌው ካልቀረ አዲሱን ማን ይለምዳል? ሁሉም ወደለመደው እሪታ ይመለሳል።"

ይህ እውነት ነበር፤ ራሶች ተነቀነቁ። ሊረታኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ያን ጊዜ የሠርጌ ቀን ትዝ አለኝ።

"አያ ፈንታ፣ እኔ ከደምቢያ ስመጣ አባቴ ደጃችን ላይ ቆሞ ምን ብሎ ጠየቀ? 'ልጄን አገር አሻግሬ መስጠቴ ነው፤ እሪ ብትል ማን ይደርስላታል?' አለ። የአስታ አፋፍ ሽማግሌዎች ምን መለሱ?"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አያ ፈንታ ነበር።

"'እኛ እንደርስላታለን' አላችሁ። 'ቆርቆሮ ብትመታ' አላላችሁም። አባቴ የሰጠኝ በእሪታዬ ነው። እሪታዬ ከተሻረ ጋብቻዬ ፈርሷል፤ ዛሬውኑ ወደ ደምቢያ መልሱኝ።"

"እኔንም ወደ አዲ አርቃይ" አለች የሺ ከኋላዬ። በሕይወቷ ሸንጎ ላይ የተናገረችው እሱን ብቻ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሁካታ ልነግራችሁ አልችልም። እኛ ዘንድ የምታገባ ሴት ሁሉ ከሌላ አገር ነው የምትመጣው፤ ሁላችንም በዚያው ቃል ነው የተሰጠነው። አንዷ ወደ ወገራ፣ ሌላዋ ወደ ጭልጋ አለች፤ ባሏ ከሞተ ብዙ ዘመን የሆናት አንዲት አሮጊት እንኳ "እኔንም መልሱኝ!" አለች። ባሌ በዱላ ተደግፎ ተነስቶ "ይህስ ሕግ ነው" አለ፤ የወረደው ፊቱ ያሳዝናል። "የጋብቻ ቃል ሕግ ነው። ሊመልሷት ነው!"

አያ ተፈራ መፍትሔ አመጣ። "ከደንቡ በፊት የተዳሩት እሪ ይበሉ፤ ከእንግዲህ የሚዳሩት በቆርቆሮ ይግቡ።"

"ጎሽ!" አሉ ጥቂቶች።

"እሪታ ስትሰማ ታዲያ መቼ እንደተዳረች ጠይቀህ ነው የምትመጣ?" አልሁት። አሰበና ተቀመጠ።

ሌላው "እሪ ያለች አብራ ዓይነቱን ትናገር" አለ። "ዓይነቱን ካወቀችማ ቆርቆሮውን ትመታ የለም ወይ?" አለው አጠገቡ ያለው። ክርክሩ እስከ ቀትር ሄደ። አያ ፈንታ መሬቱን በበትሩ ሲቧጭር ቆይቶ በመጨረሻ ተነሳ።

"ስሙ" አለ። "ዓይነቱን ያወቀ በዓይነቱ ይጥራ። ያላወቀ፣ ወይም ዓይነት የሌለው ነገር የገጠመው፣ እሪ ይበል። እሪ የሰማ ማዶ ቆሞ አይጠይቅ፤ እጁ ላይ ያለውን ይዞ ይምጣ፣ መጥቶ ይጠይቅ። ለዝንጀሮ እሪ ያለ ግን ዝንጀሮ መሆኑን ካወቀ ወዲያ ይቀጣል።"

ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ግን አልጨረስሁም።

"በጌስ?"

"የምን በግ?"

"እሪ ማለት ሕግ ከሆነ ቆርቆሮውን የመታሁት እሪታዬን ስለነጠቃችሁኝ ነው። በጌ ትመለስልኝ።"

"ደንቡ ከዛሬ ወዲያ ነው፣ ማንጠግቦሽ። በግሽ የተቀጣችው በፊተኛው ነው። ወደ ኋላ ከሄድን የአያ ተፈራም በግ ይነሳል፤ ከዚያም በፊት የነበረው ሁሉ ይነሳል። አገር በበግ ይሞላል።"

አያ ተፈራ የራሱ በግ ሲጠራ ቀና ብሎ ነበር፤ መልሶ አቀረቀረ። ለሁሉ ረትቼ ለራሴ ተረታሁ ማለት ነው።

እናንተ የምታነቡ፣ ይህን የማስጽፈው ለአንዲት በግ ነው ብላችሁ እንዳትንቁኝ። ያ ሰሞን ሰው አድርጎኛል። ከዚያ ወዲያ ወንዶቹ ደንብ ሲያወጡ ሴቶችን መጥራት ጀመሩ፤ እኔን ደግሞ ባይጠሩኝም እሄዳለሁ። አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ነው፤ አሮጌውን አምኖ የገባ ሰው የት ይውደቅ? ይህን መጠየቅ አዲስ መጥላት አይደለም። ቆርቆሮው ኋላ የሁለት ሰው ቤት ከእሳት አድኗል፤ እኔው ራሴ መትቼዋለሁ። እሪታው በመመለሱም ዋጋ ከፍለናል፤ ለማይረባ ነገር ገብሳችንን ጥለን የሮጥንበት ቀን ብዙ ነው። ስንመለስ እንሳደባለን። ቢሆንም ስንሳደብ ሁላችንም በሕይወት ነን። እሪ ባዩን ገደል ጫፍ አቁሞ "አንተ በየትኛው ትገባለህ?" ከማለት በከንቱ መሮጥ ይሻላል። እናንተም ደንብ የምታወጡ ከሆነ፣ የማታውቁት ነገር እንደሚመጣ ዕወቁና ለእሱም አንድ ጩኸት ተዉለት።

በጌን ግን አልተውሁም። በየዓመቱ አያ ፈንታን ባገኘሁት ቁጥር "በጌስ?" እለዋለሁ፤ እሱም "ደንቡ ወደ ኋላ አይሄድም" ይለኛል። ባሌ "ደንብ ነው" ይላል። እንዲህ እያልን ልጆች ዳርን። አያ ፈንታ ከዳኝነቱ ወርዶ፣ ዓይኑ ደክሞ፣ በምርኩዝ የሚሄድ ሆነ። አንድ ቀን ጠዋት ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት። በገመድ አንዲት በግ ይዟል፤ ከኋላዋ ግልገል አለ።

"እንኪ" አለና ገመዱን ዘረጋ።

አልተቀበልሁም። "ይህቺ የዳኛው ናት ወይስ የፈንታ?"

"የፈንታ ናት። ዳኛው አንዴ ተናግሯል፤ ቃሉን አያጥፍም።"

"ፈንታስ መሳሳቱን መቼ አወቀ?"

"ያንኑ ዕለት" አለ። "ገና ቆርቆሮውን ስትመቺ።"

ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ዓመት! "ታዲያ ምነው ያን ዕለት አትናገርም ነበር?"

አያ ፈንታ በደከመው ዓይኑ አየኝ፤ እውነት ግራ የገባው ሰው ነበር የሚመስለው።

"በምን ልናገር፣ ማንጠግቦሽ? እሳት በቆርቆሮ ነው፣ ሌባ በቀንድ ነው፣ አውሬ በጅራፍ ነው። ዳኛ ሲሳሳት በምን እንደሚጠራ በደንቡ አልነበረማ!"